ከለንደን አይወጡም የተባሉት የጨዋታ ማሽኖች

ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ትልቁ ሰዓትና ስለ ንግሥቲቱ ቤት ነው። ሁለቱንም አላየሁም። እዚያ የሰነበትኩት ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ከቤቱ ስወጣም የምሄደው ወደ መጋዘኖች ነበር። እንዲያም ሆኖ አርባ ምንጭ ላሉት ጎረቤቶቼና ተማሪዎቼ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ልንገራቸው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። የማስተምረው በአንዲት ትንሽ የግል ኮሌጅ ነው፣ ኮምፒውተር። ከከተማችን በታች፣ ወንዙ ዳር ቤትና ማሳ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩት ከደጋው በሚወርድ ውሃ ስጋት ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ እነሱ ዘንድ ፀሐይ ይሆናል፤ ልብስ እንደተሰጣ ጎርፉ ይደርሳል። አንዲት ተማሪዬ በዚህ መንገድ እናቷን አጣች። ከሐዘኑ ተነስታ ክፍል ገብታ ዝም ብላ የተቀመጠች ዕለት እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ደጋው ላይ የሚዘንበውን ቀድሞ የሚያሰላ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። ፕሮግራሙ ደህና ነው። ችግሩ የኮሌጃችን ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ነገ የሚዘንበውን አስልተው የሚጨርሱት ከነገ ወዲያ ነበር።

እንዲህ ስታገል ነው በኢንተርኔት ከኮሊን ጋር የተዋወቅኩት። ኮሊን ሃክኒ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ለጨዋታ የተሠሩትን አዳዲስ ማሽኖች፣ እነዚያ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክተው ልጆች የሚጫወቱባቸውን፣ በገመድ እያያዘ ለከባድ ስሌት ይጠቀምባቸው ነበር። ከኮሌጃችን ኮምፒውተሮች ጋር ሲነጻጸሩ የበሬና የፍየል ያህል ይራራቃሉ። አንድ ቀን «ስምንት አሉኝ፤ ቤቴ ጠቦኛል። መጥተሽ ብትወስጃቸው ለዝናቡ ይሁኑሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በልግ ሊገባ ሲል ነው።

ዓርብና ቅዳሜ

ዓርብ ማለዳ ከአርባ ምንጭ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ሶዶ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የአባቴን ስም፣ መድረሻዬንና እስካሁን ያላገባሁበትን ምክንያት ጠይቀው ጨርሰዋል። በማግስቱ ለንደን ገብቼ በምድር ውስጥ ባቡር ስሳፈር ከአንዲት ሴትዮ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ቀና ብላም አላየችኝ። ያንን ዝምታ መልመድ ሲያቅተኝ ሰነበትኩ።

አውሮፕላን ማረፊያ ፓስፖርቴን ያየው ሰውዬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «የጨዋታ ማሽኖች ልወስድ» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና ማህተሙን መታልኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

የተቀበሉኝ እትዬ ዘነበች፣ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል በስደት ወጥተው እዚያው የቀሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፓርክ ሮያል ሳንዱች ፋብሪካ የሚሠሩ ሴት። ገና ሳንሳሳም ትልቅ ካፖርት ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ።

«መጀመሪያ ይህንን ልበሺ፤ ሰላምታው ቤት ይደርሳል» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ስከፍት ያመጣሁላቸው የሞሪንጋ፣ የጎመን ዛፉ ቅጠል፣ ዱቄት ከረጢቱ ተቀዶ ልብሴ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ልጃቸው ሄለን ብቅ አለች። እዚያው ለንደን የተወለደች፣ ሕግ ተምራ ጨርሳ ሥራ የጀመረች ወጣት ናት።

«ኦ ማይ ጋድ! መሲ፣ ይሄ ሊጋል ነው?»

«ጎመን ነው» አልኳት።

እትዬ ዘነበች ከሸሚዜ ላይ በማንኪያ እየጠረጉ ብልቃጥ ውስጥ መለሱት። «ከአገር የመጣ ነገር አይደፋም» አሉ። ልብሶቼን ግን ሦስቴ አጥበዋቸው አረንጓዴው አልለቀቀም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሄለን ጋር ሃክኒ ሄድን። ኮሊን ቀጭን፣ ሲያወራ የሰው ፊት ሳይሆን የገዛ እጁን የሚያይ ሰው ነው። ሻይ በቀዝቃዛ ወተት፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይም ቀይ ባቄላ አድርጎ አቀረበልን። እኛ ዘንድ እንግዳ «በቃኝ» ሲል ይጨመርለታል። እሱ «በቃኝ» ስለው በእውነት አነሳው፤ ገና እየራበኝ ነበር።

ማሽኖቹ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ተደርድረው ጠበቁኝ። ጥቁርና የሚያብለጨልጩ፣ እያንዳንዳቸው የትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ውፍረት ያላቸው። ፕሮግራሜን ቀድሞ ጭኖባቸው ኖሯል። አስነሳቸውና ሻያችንን ጠጥተን ሳንነሳ የአርባ ምንጭ ደጋ የነገ ዝናብ ስክሪኑ ላይ ተሳለ። ተነስቼ ቆምኩ። ጨንቻ፣ ዶርዜ፣ ከታች ሐይቆቹ፤ ከደጋው በላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ። እኛ ዘንድ ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥራ ነው።

«ደህና ነው?» አለ ኮሊን እጁን እያየ።

አቀፍኩት። እንደ ግንድ ደርቆ ቀረ፤ ጆሮው ግን ቀላ። በትንሿ መኪናው ሰቨን ሲስተርስ ድረስ አደረሰን፤ ሄለን ሁለቱን ማሽኖች ጭኗ ላይ ይዛ ነበር።

ሰኞ

ፓርክ ሮያል የሚባለው አገር ሰው የሚኖርበት አይመስልም። መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ ዳቦ የሚሸት ነፋስ፣ እንደገና መጋዘን። እትዬ ዘነበች ከሥራ አስፈቅደው ከነማሽኖቹ ወደሚያውቁት ካርጎ ቤት፣ ዕቃ ወደ አገር ወደሚልክ መጋዘን፣ ወሰዱኝ። ዕቃ ተቀባዩ አብዲ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው። እንደ ድሬ ልጅ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ፣ አንቺ» ነው የሚለው፤ እትዬ ዘነበችም ከእሱ አፍ ሲሆን አይከፋቸውም።

«ዘነቡ! ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ?»

የዕቃውን ዓይነት ጠየቀን። የጨዋታ ማሽን አልነው፤ ጻፈ። ስንት ነው? ስምንት። ቀና አለ።

«ጌም ቤት ልትከፍቺ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ኮርቼ ነገርኩት፤ እንደሚያያዙ፣ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር እንደሚሆኑ፣ ዝናብ እንደሚያሰሉ። እያወራሁ ሳለሁ እስክሪብቶው ቆመ። ሳቁም ከፊቱ ጠፋ።

«እህቴ፣ ይሄንን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጉልበት ያላቸው ኮምፒውተሮች ከዚህ አገር ሲወጡ መንግሥት ይጠይቃል። ለሚሳይል ስሌት ይሆናሉ፣ ለሌላም መሣሪያ ይሆናሉ ይላሉ። አንድ ማሽን ለልጅ ስጦታ ሲሄድ ማንም ዞሮ አያየውም። ስምንት፣ ለስሌት፣ ተያይዘው ሲሄዱ ግን ፈቃድ ይፈልግ ይሆናል። አይፈልግምም ይሆናል። እኔ አላውቅም። መንግሥትን ጠይቂና ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ያለዚያ ልቀበልሽ አልችልም።»

«ሚሳይል?» አሉ እትዬ ዘነበች። «እሷ ናት ሚሳይል የምትተኩሰው? እያት እስቲ!»

አብዲ አየኝ። እኔም አረንጓዴ ሸሚዜን ለብሼ ቆሜያለሁ።

ማሽኖቹን ተሸክመን ተመለስን። እትዬ ዘነበች ከፋብሪካቸው ያመጡትን የእንቁላል ሳንዱች መንገድ ላይ ሰጡኝ። ጣዕሙን አላስታውስም። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች ፈሩ፤ መፍራታቸውን አልነቅፍም፣ ጦርነት ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን እኔ የምፈራውም ነገር ነበረኝ፤ በልጉ ደግሞ ፈቃድ አይጠብቅም።

ማክሰኞ

ሄለን ከሥራ ቀረችልኝ። «ኦንላይን አፕላይ እናደርጋለን፣ ዶንት ዎሪ» ብላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልን። አንድ ሙዚቃ ደጋግሞ ከተጫወተልን በኋላ አንዲት ትሁት ሴት ተገኘች። ማሽኖቹ ፈቃድ ይፈልጉ አይፈልጉ ለመመርመር ሳምንታት እንደሚወስድ ነገረችን። ከሁሉ በፊት ግን ተጠቃሚው ኮሌጅ «ለጦር ሥራ አላውልም፣ ለሌላም አሳልፌ አልሰጥም» ብሎ መፈረም አለበት።

አርባ ምንጭ ደወልኩ፤ መስመር የለም። ደግሜ ደወልኩ። ከሰዓት በኋላ የኮሌጁን ኃላፊ አገኘሁት። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ሲሰማ ግን ድምፁ ተለወጠ።

«መሠረት፣ የውጭ መንግሥት ስለ ጦር መሣሪያ ጠይቆ እኔ እፈርማለሁ? በዚህ ጊዜ? ከምርጫው ወዲህ ያለውን እያየሽ? አልፈርምም እህቴ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልፈርድበት አልቻልኩም። ስልኩን ዘግቼ ካፖርቱን ደርቤ ወጣሁ። እግሬ ወደመራኝ ሄድኩ። የጋና ሱቅ፣ የቱርክ ዳቦ ቤት፣ የኮሎምቢያ ሥጋ ቤት፣ እንደገና የጋና ሱቅ። መቆም አልቻልኩም፤ የቆምኩ እንደሆነ ማሰብ ልጀምር ነው። በመጨረሻ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አንዲት ጋናዊት ባለ ሱቅ አየችኝና ውስጥ አስገብታ ወንበር ሰጠችኝ፤ የተጠበሰ የምግብ ሙዝ በወረቀት ጠቅልላ እጄ ላይ አኖረችልኝ። አገራችን በሙዝ የታወቀ ነውና አርባ ምንጭ ላይ ሙዝ እንዴት እንደሚበላ ነገርኳት። ከመጣሁ ጀምሮ ከማላውቀው ሰው ጋር ያወራሁት የመጀመሪያው ወሬ ነበር። ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ እስከ ቤቱ መታጠፊያ ሸኘችኝ።

ረቡዕ

ቁርስ ላይ እትዬ ዘነበች ሻያቸውን ሳይነኩ ተናገሩ።

«አስቤበታለሁ። ሌላ ካርጎ ቤት አያስፈልገንም። አብዲ ዘንድ እንመለስና መጫወቻ ነው እንላለን። ለዘመድ ልጆች። ላኪዋ እኔ ነኝ፤ እኔ እፈርማለሁ።»

ሄለን ዳቦዋን አስቀመጠች። «ማሚ፣ ኖ። ሲርየስሊ። ይሄ ፎልስ ዲክላሬሽን ነው፤ መንግሥትን መዋሸት ነው። ስምሽ ነው የሚጻፈው።»

«ስሜ ምን ይሆናል?»

«ቻርጅ ሊያደርጉሽ፣ ሊከሱሽ ይችላሉ! የመሣሪያ ሕግ ነው እኮ። ሥራሽን፣ ሁሉን ነገር ልታጪ ትችያለሽ።»

«እኔ በረሃ ለበረሃ በእግሬ ወጥቼ የመጣሁ ሰው ነኝ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ያን ጊዜ ያወጡን ሰዎች ፈቃድ ጠይቀው ነው? በውሸት ወረቀት ነው የዳንኩት። አንቺም የተወለድሽው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። እዚያ ልጆች በውሃ እየተወሰዱ እኔ ስሜን ልቆጥብ?»

የሄለን ዓይን በእንባ ተሞላ። ወደ እኔ ዞረች። «መሲ፣ ንገሪያት እንጂ።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ፤ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ሰማያዊ ነጠብጣብ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ዝም ማለቴን እትዬ ዘነበች እንደ እሺታ ወሰዱት። ሄለን በሩን ጎትታ ወጣች። ቀኑን ሙሉ እትዬ ዘነበች ማሽኖቹን በልጆች ልብስ እየጠቀለሉ ካርቶን ውስጥ ሲከቱ እኔ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት እመላለስ ነበር።

ኀሙስ

እንደገና ፓርክ ሮያል። ዝናብ ያንጠባጥባል። የለንደን ዝናብ እንደኛ ዘንድ መጥቶ አይሄድም፤ ቆሞ ይዘንብብሃል።

አብዲ ካርቶኖቹን አየ፣ እኛን አየ። ነገሩ ገብቶታል። አዲስ ቅጽ አውጥቶ እትዬ ዘነበች ፊት አኖረው።

«እኔ ባለፈው የሰማሁትን አላስታውስም» አለ። «የተጻፈውን ነው የምቀበለው። ግን ዘነቡ፣ እዚህ ላይ የሚጻፈው ያንቺ ስምና ያንቺ ቤት ነው። የሚመጣ ነገር ካለ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው። እሷ አውሮፕላን ላይ ትሆናለች።»

እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አደረጉ። እስክሪብቶውን ያዙ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት፤ በስተርጅና የተማሩት መሆኑ ያስታውቃል። ዜድን ጽፈው ኢ ላይ ሲደርሱ እጄን እጃቸው ላይ አደረግሁ።

«ይተዉት፣ እትዬ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ልጅዎ ትናንት እያለቀሰች ወጥታለች። እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እርስዎ ይቀራሉ። አይሆንም።»

«በልጉስ?»

«አላውቅም።»

ከዚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። አብዲ ቅጹን ቀደደና ካርቶኖቹን ራሱ ተሸክሞ ባቡር ጣቢያ ድረስ አመጣልን፤ ጃኬቱን ለካርቶኖቹ አልብሶ እሱን በሸሚዙ ዝናብ መታው።

ባቡር ውስጥ እትዬ ዘነበች አላናገሩኝም። ዙሪያችን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ እኛም የለንደን ሰው መሰልን። ቤት ስንደርስ ሄለን ከሥራ ተመልሳ በር ከፈተችልን። ካርቶኖቹን ስታይ እናቷን አቀፈቻቸው። እትዬ ዘነበች ሳያቅፏት ቆሙ፤ ቆይተው ግን ጀርባዋን መታ መታ አደረጉት።

«እሺ፣ እነዚህን ብረቶች የት ልናደርጋቸው ነው?» አሉ በቁጣ። «አገር አይገቡም፣ እዚህ ማንም አይጫወትባቸውም።»

ሄለን ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። «ዌይት» አለች። «ለምንድነው የሚሄዱት? አይ ሚን፣ የሚሄደው መልሱ ብቻ ነው አይደል? ስሌቱ እዚሁ ተሠርቶ ውጤቱ ብቻ በኢሜይል ቢላክ?»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንዳልታሰበኝ እስካሁን ይገርመኛል። በአእምሮዬ ማሽኖቹ ኮሌጃችን ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ተማሪዎቼ ከብበዋቸው። ያን ሥዕል መተው ከበደኝ። ሐሳቡ ደስ አላሰኘኝም፤ እንዲያውም ተናደድኩ። የእኛ ዝናብ በሰው አገር ጓዳ ይሰላል? እንዲህ እያልኩ ስንጎራደድ እትዬ ዘነበች «ተቀመጪ፣ ምንጣፌን ጨረስሽው» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ሄለን መሥሪያ ቤቱ ደውላ ሐሳቡን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ጻፉልንና እንመልሳለን አሏት። ጻፈች። ኮሊን በበኩሉ ገመዶቹን ይዞ መጣ። ማሽኖቹን የእትዬ ዘነበች ሟች ባል ጓዳ ውስጥ፣ የልብስ መደርደሪያው ላይ ደረደርናቸው፤ መልሱ እስኪመጣ ግን ስሌት ላንጭንባቸው ተስማማን። ኮሊን ለሙከራ ብቻ አብሮ ሲያስነሳቸው የቤቱ መብራት ድርግም አለ። እትዬ ዘነበች በጨለማው ውስጥ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆሙ። ኮሊን ፊውዙን እስኪቀይር ድረስ «ሶሪ፣ ሶሪ» ሲል ነበር። እራት በላ፤ «በቃኝ» ሲል እትዬ ዘነበች ጨመሩለት። አየኝ። «እንዲህ ነው» አልኩት። በላው።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

ሻንጣዬ ባዶ ስለነበር እትዬ ዘነበች ለእናቴ ሹራብና ብስኩት ሞሉበት። ሲሰናበቱኝ «ያንን እስክሪብቶ ስታስጥዪኝ ተቀይሜሽ ነበር» አሉኝ። «አሁንስ?» ስላቸው «አሁንም ትንሽ አለ» አሉ። ሳምኳቸው። አዲስ አበባ ስደርስ የጉምሩክ ሠራተኛው ኤሌክትሮኒክስ ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ብስኩቱን አሳየሁት።

ማሽኖቹን ወደ አገር ስለ መላክ የጠየቅነው እስካሁን መልስ አላገኘም፤ እየታየ ነው ይላሉ። ስለ ሁለተኛው ሐሳብ ግን በሳምንታት ውስጥ ጻፉልን። ማሽኖቹ ከአገር ካልወጡና የሚላከው የዝናብ ትንበያ ብቻ ከሆነ የሚከለክለን ነገር የለም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሄለን ሥራ ከመሄዷ በፊት ታስነሳቸዋለች፤ ውጤቱ ለእኔ በኢሜይል ይደርሰኛል። እትዬ ዘነበች ጓዳው ስለሚሞቅ ልብስ ማድረቂያ አድርገውታል።

የመጀመሪያው ትንበያ ተሳሳተ። ከባድ ዝናብ ይመጣል ስላለ ተማሪዎቼን ይዤ ወንዙ ዳር ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰዎች ከብታቸውን ነድተው፣ ዕቃቸውን ተሸክመው ወደ ላይ ወጡ። ደመናው መጣና ሄደ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ሲመለሱ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፤ አንዳንዶቹም ተሳደቡ። ለአንድ ሳምንት በዚያ መንገድ ማለፍ አፈርኩ።

ሁለተኛው ሲመጣ ኢሜይሉን ከፈትኩት። ደጋው በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። እንደገና ወረድን። እኛ ዘንድ ፀሐዩ ያቃጥላል። ብዙዎቹ በሩቁ አይተውን ፊታቸውን አዞሩ። ጫፍ ላይ ካለችው ቤት ግን አራት ልጆች ያሏት ወይዘሮ አስካለች ወጣች። ባለፈው ስትመለስ ዶሮ የጠፋባት ሴት ናት።

«ደግሞ መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ። ምናልባት ዛሬም እሳሳት ይሆናል። ግን ተነሱ።»

ሰማዩን ቀና ብላ አየችው። አንዲት ዳመና የለም። ልጆቿን ጠራች፣ ትንሹን አዘለች፣ ድስቷን ለትልቋ አሸከመችና ወደ ላይ መንገድ ጀመረች። እሷን ያዩ ጎረቤቶቿም እያጉረመረሙ ተከተሏት።

ከሰዓት በኋላ ከኮረብታው ላይ ሆነን ጎርፉን ከማየታችን በፊት ድምፁን ሰማነው። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ግንድ እየተሸከመ መጣ። የወይዘሮ አስካለችን ግድግዳ ሲመታ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ልጆቿን አንድ በአንድ በእጇ ዳሰሰች፤ ከዚያም ውሃው ቤቷን ይዞ ሲሄድ አየችው።